የሊስትሮው ምስማር
ተመልካቹ ተዋናይ በሚሆንበት ቴአትር የድኃ ልጆችን ትምህርት ስለ መርዳት

ቴአትር ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው መጋረጃ፣ መድረክና በወንበር ተደርድሮ ዝም ብሎ የሚመለከት ሕዝብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንናገርለት ቴአትር ግን መጋረጃውን ጨርሶ የማይፈልግ፣ መድረክ ቢኖረውም ባይኖረውም ግድ የሌለው፣ የተመልካቹን ዝምታ ደግሞ እንደ ጉድለት የሚቈጥር ነው። ተመልካቹ ተነሥቶ የተዋናዩን ስፍራ ይይዛል፤ ታሪኩን ያቋርጣል፤ «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» የሚለውንም በአፉ ብቻ ሳይሆን በእጁና በእግሩ ያሳያል። ካለፉት ኀምሳ ዓመታት ወዲህ ይህ ሥራ በብዙ አገር ከትምህርት ገበታ የራቁትን፣ ወይም ገብተው ወደ ኋላ የቀሩትን ወጣቶች ለማስተማር ረድቷል። የሕዝቦችን ልማድ ለሚያጠና ሰውም ሁለት ነገር ያተርፍለታል፤ አንደኛ፣ በድኃ መንደር ያለ ልጅ አንድን ቃል በምን ትርጉም እንደሚይዘው ከብዙ የቃል መጠይቅ ይልቅ አጥርቶ ያሳያል፤ ሁለተኛም፣ በራሳችን አገር ችሎትና በልጆቻችን ጨዋታ ውስጥ ያለውን ሥርዓት በአዲስ ዓይን እንድንመለከት ያደርጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከሁሉ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታየው ምሳሌ በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር በ1973 የተደረገው ነው። በ1968 በጄኔራል ሁዋን ቬላስኮ አልቫራዶ መሪነት ሥልጣን የያዘው የጦር መኰንኖች መንግሥት በ1972 አዲስ የትምህርት ሕግ አወጣ፤ በሚከተለውም ዓመት መሃይምነትን ለማጥፋት ባጭር ስሙ «አልፊን» የተባለውን ዘመቻ ጀመረ። የፔሩ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 14 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን የሚሆነው ጨርሶ ማንበብ የማይችል ወይም በጥቂቱ ብቻ የሚችል እንደ ነበረ በዘመቻው የተካፈሉ ሰዎች ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ችግሩ የፊደል ብቻ አልነበረም። ከአንዲስ ተራሮች የሚወርደው ሕዝብ በቤቱ የሚናገረው ኬቿ ወይም አይማራ ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ፣ የፍርድ ቤቱና የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ የእስፓኝ ቋንቋ ነበረ፤ ኬቿ በመንግሥት ሕግ የታወቀ ቋንቋ የሆነው ገና በ1975 ነው። ይህ የገጠር ሰው በሊማ ከተማ ዙሪያ ባለው ደረቅ አሸዋና ኰረብታ ላይ በሸምበቆ ምንጣፍ ጎጆ እየቀለሰ ሰፈረ። መንግሥትም ሰፈሮቹን «ወጣት መንደሮች» ብሎ ሰየማቸው። ስሙ ያማረ ነበረ፤ ውሃና መብራቱ ግን ከስሙ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ልጆቹም ጧት ከኰረብታው ወርደው በከተማው ውስጥ ጫማ ሲጠርጉ፣ ዕቃ ሲሸከሙ፣ አንዳንድ ነገር ሲሸጡ ውለው ማታ ይመለሱ ነበር።

በዘመቻው የቴአትሩን ሥራ እንዲያካሂዱ የተጋበዙት ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል (1931–2009) ናቸው። ቦአል በትምህርታቸው ኬሚስት፣ በሙያቸው የሳኦ ፓውሎው የአሬና ቴአትር አዘጋጅ ነበሩ፤ በ1971 በአገራቸው የጦር መንግሥት ተይዘው ከተሠቃዩ በኋላ ወደ አርጀንቲና ተሰደዱ። ወደዚህ ዓይነቱ ቴአትር ያመጣቸው ምን እንደ ሆነ ራሳቸው የተረኩት አንድ ታሪክ አለ። በወጣትነታቸው ዘመን ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ሄደው ለጭሰኞች ጨዋታ ያሳያሉ፤ በጨዋታውም መጨረሻ ተዋናዮቹ ጠመንጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ለመሬታችን ደማችንን እናፍስስ እያሉ ይዘምራሉ። ከጭሰኞቹ አንዱ ልቡ ተነክቶ ቀረበና «እንግዲያውስ ምሳ በልተን፣ እናንተ ጠመንጃችሁን እኛም የኛን ይዘን አብረን እንሂድ» አላቸው። ጠመንጃዎቹ የእንጨት መሆናቸውን ተናገሩ። ሰውዬው ግን «ግድ የለም፤ ለእናንተም የሚሆን እውነተኛ ጠመንጃ እኛ ዘንድ አለ» ሲል መለሰ። ቦአልና ባልደረቦቻቸው ተዋናዮች እንጂ ተዋጊዎች አለመሆናቸውን ለመግለጽ ተገደዱ፤ ሰውዬውም «ይፈስሳል የምትሉት ደም ለካ የኛ ብቻ ነው» አላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሳቸው የማይቀበሉትን አደጋ ሌላው እንዲቀበል በመድረክ ላይ መምከርን እንደ ተዉ ይናገራሉ። በኛ አስተያየት የመላው ዘዴ መሠረት ይኸው ኀፍረት ነው።

ሁለተኛው መሠረት የመምህር ፓውሎ ፍሬሬ የማንበብ ትምህርት ነው። ፍሬሬ በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በአንጂኮስ ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 የትምህርት ሰዓት ማንበብ ማስጀመራቸው የታወቀ ነው። አስተማሪው አስቀድሞ በመንደሩ እየተዘዋወረ ሰው የሚነጋገርበትን ቃል ይሰበስባል፤ ከዚያም ከተሰበሰቡት ጥቂቶቹን ይመርጣል። በሰፊው የሚጠቀሰው ምሳሌ «ቲጆሎ» ማለት ጡብ የሚለው ቃል ነው። መጀመሪያ ጡብ ስለ መጣል፣ ቤት ስለ መሥራት፣ ቤቱን የሚሠራው ቤት ስለማጣቱ ይነጋገራሉ፤ በኋላ ቃሉን በሦስት ድምፅ ይከፍሉትና የያንዳንዱን ቤተሰብ «ታ፣ ቴ፣ ቲ፣ ቶ፣ ቱ» እያሉ ይዘረዝሩታል። በሀሁ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይመስለውም፤ ፊደላችን ከጥንት ጀምሮ በዚህ መልክ የተደራጀ ነውና። ልዩነቱ የቄስ ተማሪ ፊደሉን ጨርሶ ወደ ቃሉ የሚሄድ ሲሆን፣ የፍሬሬ ተማሪ ከቃሉ ተነሥቶ ወደ ፊደሉ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ ሊማ እንመለስ። የአልፊን ሰዎች አሳብ ቋንቋ ብዙ ነው የሚል ነበረ፤ ፎቶግራፍ፣ አሻንጉሊት፣ ጋዜጣ፣ ቴአትር እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው የእስፓኝን ቋንቋ ከመማሩ በፊትም ሆነ ሲማር በሌላው ቋንቋ ሊናገር ይችላል። በዚህ መሠረት ለሰዎቹ የፎቶግራፍ መሣሪያ ሰጥተው ጥያቄውን በእስፓኝ ቋንቋ ይጠይቋቸዋል፤ መልሱን ግን በሥዕል እንዲያመጡ ያዟቸዋል። «የምትኖረው የት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ አንድ ሰው ያመጣው ፊቱ የደማ ሕፃን ምስል ነበረ። የሚኖረው በሪማክ ወንዝ ዳር ነው፤ በዚያ አይጥ ሕፃናትን ይነክሳል። እርሱና ሚስቱ ሥራ ሲውሉ ልጁን የሚጠብቀው ውሻ ነበረ፤ የከተማው ሠራተኞች ውሻውን ወሰዱበት። «የት ነው የምትኖረው» የሚለው ጥያቄ ለርሱ የመንገድ ስምና የቤት ቍጥር አይደለም ማለት ነው።

በሌላ ጊዜ ጥያቄው «ብዝበዛ ምንድን ነው?» የሚል ሆነ። ብዙዎቹ የባለሱቁን፣ የቤት ኪራይ ሰብሳቢውን፣ የመንግሥት ሹሙን ፎቶግራፍ አነሡ። ጫማ በመጥረግ የሚተዳደር አንድ ልጅ፣ በኛ አገር አነጋገር ሊስትሮ፣ ያመጣው ግን በግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር ነበረ። ትልልቆቹ ግራ ገባቸው። የልጁ ባልደረቦች ግን ገና ሲያዩት «ልክ ነው» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልጆቹ የሚኖሩት ከከተማው መካከል እጅግ ርቆ ነው፤ ሣጥናቸው ከባድ ስለ ሆነ ማታ ማታ ተሸክመው ወደ ኰረብታው ሊወጡ አይችሉም። ስለዚህ ከሱቆች ግድግዳ ላይ ምስማር ይከራያሉ፤ ባለሱቁም ሣጥኑ ተንጠልጥሎ ለሚያድርበት ለያንዳንዱ ሌሊት ሁለት ሦስት ሶል ያስከፍላቸዋል። ከቀን ሥራቸው ላይ ይህ ሲነሣ የሚተርፋቸው ጥቂት ነው። ምስማሩን ባዩ ቍጥር የሚታያቸው ይኸው ነበረ።

በዚህ ምስማር ላይ ጥቂት መቈየት ይገባል። ጥያቄው በወረቀት ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ልጁ ዝም ባለ፣ ወይም መምህሩ የሰጠውን ትርጉም ሸምድዶ በመለሰ ነበር፤ ፈታኙም በመጀመሪያው ዜሮ፣ በሁለተኛው ሙሉ ነጥብ በሰጠው። በሁለቱም ግን ልጁ የሚያውቀውን ነገር አናገኘውም። ልጁ ቃሉን አያውቀውም እንጂ ነገሩን ከጠያቂው ይልቅ ያውቀዋል፤ እንዲያውም ዋጋውን በሶል ቈጥሮ ሊናገር ይችላል። እንግዲህ መምህሩ የሚጨምርለት ቃሉን ነው፤ ቃሉም ከምስማሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የድኃ ልጅ «ወደ ኋላ የቀረ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀውን የሚያኖርበት ቃል፣ የትምህርት ቤቱንም ቃል የሚያኖርበት ኑሮ ስላላገኘ መሆኑን ከዚህ የሚበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ እኔ አላገኘሁም።

ፎቶግራፍ ግን አንድ ጊዜ ከተነሣ የማይለወጥ ነገር ነው። ቴአትሩ ከዚህ ይጀምራል። በመጀመሪያው ደረጃ ንግግር የለም። ልጁ ጓደኞቹን እንደ ጭቃ እያበጀ፣ አንዱን እያስጎነበሰ፣ የሌላውን ጣት እያስቀሰረ፣ ስለ አንድ ነገር ለምሳሌ ስለ ትምህርት ክፍሉ ያለውን አሳብ በሰው አካል ይቀርጻል። ሌሎቹ ካልተስማሙ እየተነሡ ያሻሽሉታል። ሁሉ የተቀበለው ምስል ከቆመ በኋላ እንዲሆን የሚፈልጉትን ምስል ይቀርጻሉ፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው እንዴት እንደሚደረስ በመካከል ያለውን ምስል እንዲያበጁ ይጠየቃሉ። አስቸጋሪው ይህ ሦስተኛው ነው። ችግሩንና ምኞቱን ማሳየት ለሁሉም ይቀልላል፤ መንገዱን ለማሳየት ግን ማሰብ ያስፈልጋል። አፍ የሚፈታበትን ቋንቋ ትምህርት ቤት ለማይቀበልለት ልጅ የዚህ ዝምታ ጥቅም ግልጽ ነው፤ በቋንቋው የሚበልጠው ልጅ በዚህ ላይ ብልጫ የለውምና።

ከዚያ በሚቀጥለው ደረጃ ተዋናዮቹ ከሕዝቡ የተገኘ ታሪክ መጫወት ይጀምሩና ነገሩ ከሚወሰንበት ስፍራ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው «እንግዲህ ምን ይደረግ?» ይላሉ። በሊማ ሳን ኢላሪዮን በተባለ መንደር አንዲት ማንበብ የማትችል ሴት የራስዋን ታሪክ ሰጠች። ባልዋ «ትልቅ ሰነድ ነውና ደኅና አድርገሽ አስቀምጪ» ብሎ የሰጣትን ወረቀት ለብዙ ጊዜ ጠብቃ ኖራለች፤ የቤታቸው ሰነድ መስሏታል። አንድ ቀን ተጣልተው ኖሮ ለጎረቤትዋ ብታስነብበው የባልዋ ውሽማ የጻፈችው የፍቅር ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። ባል ማታ ሲገባ ሚስት ምን ታድርግ? ከተመልካቾቹ አንዷ ታልቅስ አለች፤ ሌላዋ ትታው ትሂድ አለች፤ ሌላዋ በሩን ትዝጋበት አለች፤ ተዋናዮቹም ያንዳንዱን ምክር እየተጫወቱ ፍጻሜውን አሳዩ። በመጨረሻ አንዲት ሴት በዱላ ደኅና አድርጋ ትምታው፤ ከተጸጸተ በኋላም ራት አቅርባ ይቅር ትበለው አለች። ቦአል ይህንኑ ታሪክ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ጥቂት ለወጥ አድርገው ሲተርኩት፣ ሴቲቱ ተዋናዮቹ ምክርዋን እንደምትለው አድርገው ስላልተጫወቱላት ተናድዳ ራስዋ ወጥታ አሳየቻቸው፤ ተመልካቹን ወደ መድረክ የማውጣት ሥርዓትም ከዚያ ተወለደ ይላሉ። የትኛውም ቢሆን አንድ ነገር ልብ ይሏል። ማንበብ አለመቻል በዚያ መንደር እስከዚያ ቀን የዘመቻው ሰዎች ጉዳይ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት ጉዳይ ሆነ።

በሦስተኛው ደረጃ ተመልካቹ ራሱ ይገባል። ቺምቦቴ የፔሩ የዓሣ ዱቄት ወደብ ናት፤ በ1970 አገሪቱ ከባሕር ያወጣችው ዓሣ 12 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን በዓለም አንደኛ ነበረች፤ በ1972 ግን ዓሣው ጠፋና ኢንዱስትሪው ወደቀ። በዚያ ወደብ በዓሣ ዱቄት ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ወጣት አለቃው ከልክ በላይ እንደሚያሠራው ተናገረ፤ ጨዋታውም ሆነ። ከተመልካቾቹ አንዱ የሠራተኛውን ስፍራ ይዞ ሥራውን ማዝገምን ሞከረ፤ ሁለተኛው መሣሪያውን ከመጠን በላይ በማብዛት እንዲሰበርና እስኪጠገን ድረስ እንዲያርፉ አደረገ፤ ሦስተኛው ሥራ ማቆምን ሞከረ፤ አለቃው ግን ወደ አደባባይ ሰው ልኮ ሥራ ፈቶችን አስመጣ። አንዱ ፋብሪካውን በቦምብ አፈርሳለሁ ብሎ ተነሣ። ቦምብ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚወረወር አለማወቁን የተረዳው ግን መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ፋብሪካው ቢፈርስስ የት እንሠራለን የሚል ጥያቄም ተከተለው። በመጨረሻ ወደ ማኅበር ማቋቋም አዘነበሉ።

በኛ አስተያየት የዚህ ቴአትር የትምህርት ዋጋ ያለው ከዚህ ላይ ነው። ቴአትሩ ራሱ ፊደል አያስቈጥርም፤ ሒሳብም አያስተምርም። የሚያደርገው ሰው የማያውቀውን ነገር በራሱ እጅ እንዲነካው ማድረግ ነው። በወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ማኅበር እናቋቁም» ያለ ወጣት፣ ሲጫወተው ማመልከቻ መጻፍ፣ ሕጉን ማንበብ፣ መዋጮውን መደመር እንደሚያስፈልገው ያገኘዋል። ጥያቄው ከርሱ ስለ መጣ ትምህርቱ ያን ጊዜ የተለመነ እንጂ የተጫነ አይሆንም። ስለዚህ ከጨዋታው በኋላ ጠመኔና ሰሌዳ ይዞ የሚጠብቅ መምህር ከሌለ ነገሩ ደስ የሚል ማምሻ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ሥራም በዚህ ዓይነት ሲባክን ይታያል።

ሌላም እንቅፋት አለ። በተዋናይና በተመልካች መካከል የሚቆመው ሰው፣ ቦአል ከካርታ ጨዋታ ቃሉን ወስደው «ጆከር» ያሉት፣ ሥራው መጠየቅ ነው፤ ነገር ግን መምህር ሲሆን መልሱን በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹም ቶሎ ያውቁበትና የሚወድደውን መልስ መጫወት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ቴአትሩ ከአሮጌው ሽምደዳ የከፋ ይሆናል፤ የራሳቸው አሳብ መስሎ ይታያልና። ሁለተኛ፣ የልጁን የራሱን ቍስል በስሙ አደባባይ ማውጣት አይገባም፤ የብዙዎቹን ታሪክ ቀላቅሎ ለማንም ያልሆነ ታሪክ ማበጀት ይሻላል። ሦስተኛ፣ አፈ ጮሌው ልጅ መድረኩን ይይዝና ሌሎቹ ዳግመኛ ተመልካች ይሆናሉ፤ ሴቶች ልጆች ደግሞ በብዙ አገር ልማድ ከወንዶች ፊት አይናገሩምና በቅድሚያ ለብቻቸው ሊሠሩት ያስፈልጋል።

ወደኛ ቀረብ ያለው ምሳሌ የኬንያው ነው። በሊሙሩ አጠገብ በካሚሪሡ መንደር በ1976 ገበሬዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ማንበብ ሲማሩ ቈይተው ቴአትር ለመሥራት ተነሡ። ንጉጊ ዋ ሢዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በጊኩዩ ቋንቋ ጽሑፉን አዘጋጁ፤ ልምምዱ ግን በግልጽ ስፍራ ስለ ነበረ የመንደሩ ሰው እየመጣ ያርመው ጀመር፤ ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፤ ያ ዘፈን በሰርግ እንዲህ አይዘፈንም እያለ። ሁለት ሺህ ያህል ሰው የሚይዘውን መድረክም ራሳቸው ሠሩት። ጨዋታው በጥቅምት 1977 ተከፍቶ በኅዳር ተከለከለ፤ ንጉጊ ዋ ሢዮንጎ ከታኅሣሥ 1977 እስከ ታኅሣሥ 1978 ያለ ፍርድ ታሰሩ፤ መድረኩም በ1982 ፈረሰ። መንግሥት የፈራው ጽሑፉን ይሁን አራሚዎቹን አንባቢ ይፍረድ።

በአገራችን በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አዘጋጅ ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ በካርሚና ቡራና ሙዚቃ አሳይቷል። ከነዚያ መካከል ተመርጠው ለዓመታት የተማሩት ወጣቶች «አዱኛ» የተባለውን የዳንስ ቴአትር ቡድን ሲመሠርቱ፣ ከዳንሱ ጋር ተመልካቹን የሚያስገባውን ቴአትርም ሠርተውበታል። ይህ ግን ከውጭ የመጣ ነው። የራሳችንን ስንፈልግ እቃቃ የሚጫወቱትን ልጆች እናገኛለን፤ እናት ሆና የምትቈጣው ልጅ በእውነተኛይቱ እናትዋ ላይ ያላትን አስተያየት ሁሉ በዚያ ጨዋታ ታሳያለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቀድሞው ችሎት ነው። ተሟጋቾች በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው መንገደኛውን አስቁመው «ፍረደን» ይሉ ነበር፤ መንገደኛውም ተመልካች ሆኖ ማለፍ አልተፈቀደለትም። በበልሐ ልበልሐው ሙግት ጊዜ ዙሪያውን የቆመው ሰው የሚያዳምጥ ብቻ ሳይሆን የሚናገር ነበረ። ትልቅ ችሎት በሆነ ጊዜም አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ጀምሮ ወደ ታላቁ እየወጣ ነው፤ ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ ከርሱ ለመለየት ይፈራልና። መመሳሰል ዝምድና ማለት አይደለም፤ ችሎቱ ፍርድ ሲሰጥ፣ ቴአትሩ ግን ፍርዱን ሳይሰጥ ሰዉን ወደ ቤቱ ይሰድዳል። ሆኖም የሊማው ጆከር የተቸገረበትን ነገር፣ አፈ ጮሌው መድረኩን እንዳይዝ ማድረግን፣ የኛ ዳኞች በተራ አሰጣጥ ብቻ ይጠብቁት ነበር። ይህን በማንኛውም ክፍል መሞከር ይቻላል፤ ጨዋታው ቆም ሲል «ምን ይደረግ?» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ከሁሉ ታናሽ ለሆነችው፣ ወይም በኋላ ረድፍ ለተቀመጠው ልጅ ይቅረብ፤ መምህሩም ሊናገር ከወደደ ከሁሉ በኋላ ይናገር።